ጎንደርን በነገሥታቷ ተራ፦ የሦስት ቀን የጉብኝት መመሪያ

መጀመሪያ ጎንደር የሄድኩት ለሥራ ነበር። ግማሽ ቀን ተረፈኝና ፋሲል ግቢ ገባሁ። ትልቁ ግንብ ፊት ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ፤ ዞር ዞር አልኩና ወጣሁ። ቤት ስመለስ እናቴ «ምን ምን አየህ?» አለችኝ። «የፋሲልን ግንብ» አልኳት። «የሌሎቹንስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በአምስት ስድስት ግንብ ሥር አልፌ ሁሉንም የአፄ ፋሲል አድርጌ ነበር የወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የተማርኩት ዋና ነገር ይሄ ነው፦ ጎንደርን አንድ ንጉሥ ብቻውን አልሠራትም። አባት ይሠራል፤ ልጅ ከጎኑ ይሠራል፤ የልጅ ልጅ የራሱን ይጨምራል። ከ130 ዓመት በላይ እንዲህ ተሄደ። ስለዚህ ስትጎበኙም በእነሱ ተራ ሂዱ። ያኔ ደንጊያው ሁሉ ባለቤት ያገኛል።

አንድ ማሳሰቢያ። ከዚህ በታች የነገሥታቱን ዘመንና ሌሎቹን ዓመታት የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛው ለመመለስ 7 ወይም 8 ዓመት ቀንሱ። የበዓላቱ ቀን ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

1. ወሩን ምረጡ

ካልተገደዳችሁ በስተቀር ክረምቱን ተዉት። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ይበረታል፤ የግንቦቹ ደረጃ ያዳልጣል፤ ቁስቋም የሚወስደው አቀበትም ጭቃ ይሆናል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ። አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሰውም አይበዛም።

ከተማዋ ያለችው ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ቢበረታም ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ብርዱ ሰርስሮ ይገባል። ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ።

ከዚያ ቀን መቁጠሪያ ላይ እነዚህን ተመልከቱ። ኅዳር 6 ቁስቋም ማርያም ናት። ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዚያ ቀን ትደምቃለች። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ደግሞ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት የሚመለስበት። ግንቦቹን ረጋ ብላችሁ ማየት ከሆነ ዓላማችሁ የጥምቀትን ሰሞን አትምረጡ። ጥምቀትንም ግንቡንም በአንድ ጉዞ ካላችሁ ግን ጥር 5 ወይም 6 ግቡ። ሥላሴን ታነግሣላችሁ፤ በመሐል ባሉት ቀናት ግንቦቹን ትጨርሳላችሁ፤ ከዚያ ከተራ ይደርሳል።

2. መንገዱን አዘጋጁ

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የሚያርፈው አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ ወደ ከተማው ታክሲ አለ። ዋጋውን ሳትገቡ ተነጋገሩ።

በመኪና ለመሄድ ካሰባችሁ ከምንም በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የነበረው የጸጥታ ችግር መንገዱን አንዴ ሲከፍተው አንዴ ሲዘጋው ቆይቷል። እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም የምታርፉበት ሆቴል ካለ ደውሉ፤ የእነሱን ቃል ስሙ። በጨለማም አትጓዙ።

መንገዱ ሰላም ከሆነና ከባሕር ዳር የምትመጡ ከሆነ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ሰው አንድ ትልቅ ዕድል አለው። እንፍራዝ አካባቢ ስትደርሱ ከፍ ብሎ ጉብታ ላይ ግንብ ይታያል። ጉዛራ ይባላል። አፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) እንዳሠሩት ይነገራል። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበረ ነው። ተራውን መጠበቅ ከፈለጋችሁ ጉብኝቱን መጀመር ያለባችሁ ከዚህ ነው። ሹፌሩን ከባሕር ዳር ሳትነሱ «ጉዛራ ላይ እንቆማለን» በሉት። መንገድ ላይ ከሆነ የምትነግሩት «ይመሻል» ይላችኋል።

3. ማደሪያ ያዙ

ፒያሳ አካባቢ ማደር ይሻላል። ፋሲል ግቢ በእግር ነው። ካፌው፣ ባንኩ፣ ባጃጁ ሁሉ እዚያ ነው። ጸጥታ የሚወድ ደግሞ ወደ ጎሃ ተራራ ከፍ ይበል። ባታድሩበት እንኳን አንድ ቀን ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወጥታችሁ ቡና ጠጡ። ከተማዋን ከላይ ስታዩ ነገሥታቱ ይህን ቦታ ለምን እንደመረጡ ወዲያው ይገባችኋል። ዙሪያዋን ተራራ ነው፤ በግራና በቀኝ ወንዝ ይወርዳል፤ ወደ ደቡብ ብቻ ሜዳው ወደ ጣና ይከፈታል።

ለጥምቀት ከሆነ ክፍሉን ከወራት በፊት ያዙ። ቀብድ ከከፈላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። አንድ ጓደኛዬ በስልክ ብቻ ተስማምቶ ሄዶ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠብቆታል።

4. ከመግባታችሁ በፊት ታሪኩን በአጭሩ ያዙ

ከጎንደር በፊት ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ይዞራል፤ ክረምቱን አንድ ቦታ ይከርማል፤ በጋውን ይዘምታል። ጎርጎራ፣ ደንቀዝ፣ እንፍራዝ በየተራ ከርመውባቸዋል። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው አገሩ በጦርነት ሲታመስ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት መለሱ፤ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ አስወጡ። በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ።

ስለ ቦታው አመራረጥ ጎንደሬው የሚያወራው አለ። «የመንግሥትህ መቀመጫ ስሙ በ‹ገ› ቤት ፊደል የሚጀምር ቦታ ነው» የሚል ራእይ ነበር አሉ። ጎርጎራ ተሞከረ፣ ጉዛራ ተሞከረ፣ አልሆነም። በኋላ ፋሲል ለአደን ወጥተው ጎሽ ሲከተሉ ከዚህ ቦታ አደረሳቸው። ይህን ከአንድ ሽማግሌ አፍ ብትሰሙት እኔ ከጻፍኩት ይጣፍጣል። ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሯችሁ።

ከዚያ ይህን ተራ በቃላችሁ ያዙ፦ ዓለም ሰገድ ፋሲል፣ አእላፍ ሰገድ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ አድባር ሰገድ ዳዊት፣ መሲሕ ሰገድ በካፋ። በመጨረሻ እቴጌ ምንትዋብ። ስድስት ስም ነው። በመሐል አጭር ጊዜ የነገሡ ሌሎች አሉ፤ ለጉብኝቱ ግን እነዚህ ይበቃሉ።

5. የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ፋሲል ግቢ

እንደተከፈተ ግቡ። ጠዋት ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ የተማሪና የሠርግ ቡድንም ገና አልደረሰም። መታወቂያ ያዙ፤ የኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ ክፍያ ይለያያል። ቲኬቱን አትጣሉት። ለፋሲል መዋኛም እሱው ሲሠራ ነው የማውቀው፤ ስትቆርጡ ግን ጠይቁ።

ከመግባታችሁ በፊት ጃን ተከል ዋርካ ሥር ትንሽ ቁሙ። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ዛፍ ነው። ከዚያ አጥሩን ተመልከቱ። ዙሪያው 900 ሜትር ገደማ ነው። በሮቹ 12 ናቸው ይባላል፤ ስማቸውም ሥራቸው ነው። ወምበር በር ዳኞቹ የሚገቡበት ነው። እንቢልታ በር የሙዚቀኞቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ፣ አደናግር በር የፈታዮቹ። እንቆዬ በር በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም ተጠራ። በሮቹን እየጠየቃችሁ ከዞራችሁ ቤተ መንግሥቱ እንዴት ይሠራ እንደነበረ ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

አስጎብኚ ያዙ። ፈቃድ ያለው መሆኑን መታወቂያውን አይታችሁ፣ ዋጋውን ተነጋግራችሁ። እናም በመጀመሪያ ይህን ንገሩት፦ «በነገሥታቱ ተራ አሳየን።» ብዙዎቹ በመንገዱ አመቺነት ነው የሚዞሩት። ተራውን ስትጠይቁት ግን ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ።

ከአፄ ፋሲል ግንብ ጀምሩ። ጥቁር ደንጊያ በኖራ የተገነባ ነው። አራት ማዕዘኑ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ክብ ጉልላቶች አሉት። ቁመቱ እስከ ማማው ጫፍ 32 ሜትር ገደማ ነው። ምድር ቤቱ ግብር የሚበላበትና እንግዳ የሚቀበሉበት ነበር። በሮቹ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን የዳዊት ኮከብ ተቀርጿል፤ የሰሎሞናዊ ዘር ምልክት ነው። ከሰገነቱ አዋጅ ይነገር ነበር ይባላል። አሠራሩ ላይ የህንድ፣ የፖርቱጋልና የዐረብ እጅ ይታያል ይላሉ አጥኚዎች። የእኛው ግንበኞች እጅ ግን ይረሳል። ከግንበኞቹና ከብረት ቀጥቃጮቹ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ ነበሩ። ይህን አስታውሱ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ መንደራቸው እንሄዳለን።

አንድ ነገር እጃችሁን ዘርግታችሁ እዩ። ግድግዳውን በመዳፋችሁ ንኩት። በደንጊያና በደንጊያው መሐል ነጭ የሆነው ኖራ ነው። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንኳን በጥፍር ብትፍቁት አይላቀቅም። (አትፋቁት! እኔ በእግረ መንገዴ ነው የምነግራችሁ።) ከዚያ በፊት አብዛኛው ቤት ጭቃና እንጨት ነበር። ኖራው ነው ነገሥታቱን አንድ ቦታ ያስቀመጣቸው።

ቀጥሎ የልጃቸው ነው። አፄ ዮሐንስ (1667–1682) ጻድቁ ይባላሉ። የሠሩት ግንብ የጦር ሰው ቤት አይመስልም፤ ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ነው። ከአባታቸው ግንብ አጠገብ ትንሽና ጨዋ ሆኖ ቆሟል። ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ አትለፉት።

ከዚያ አድያም ሰገድ ኢያሱ (1682–1706)፣ ታላቁ። ይሄኛው ጣሪያው እንደ ኮርቻ ነበር። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ ነበር፤ የነገሥታቱ ሁሉ ቤት ውበቱን አይስተካከለውም ይባል ነበር። ዛሬ ባዶ ቅርፊት ነው። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1941 ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ይዞ ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡ ተመታ። መሐሉ ላይ ቆማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ሰማይ ነው የሚታየው። እኔ ከግቢው ሁሉ ረጅም ጊዜ የምቆየው እዚህ ነው።

የአፄ ዳዊት (1716–1721) የዜማና የጨዋታ ቤት ነበረች። የአፄ በካፋ (1721–1730) የግብር አዳራሽ ከነፈረስ ጋጣው ረጅም ነው፤ ስትገቡበት ድምፃችሁ ያስተጋባል። በካፋ ራሳቸውን ቀይረው በየአገሩ ይዞሩ ነበር። እንዲያውም ቋራ ላይ ታመው ወድቀው ያስታመመቻቸውን ቆንጆ ነው ያገቡት ይባላል። ያቺ ቆንጆ ምንትዋብ ናት። የእሷ ግንብ የመጨረሻው ነው፤ ከሌሎቹ ጠበብ ያለ፣ ጌጥ የበዛበት። ግቢው ውስጥ የአንበሶቹም ቤት አለ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚጨርሰው ሰው አለ። እናንተ አራት ስጡት። ውሃ ይዛችሁ ግቡ።

6. ከሰዓት፦ ፒያሳና ማታው

ከግቢው ወጥታችሁ ወደ ፒያሳ ውጡ። ጣሊያን በ1936 ከገባ በኋላ ያቆማቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው፣ ዛሬም አሉ። ጎንደር የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ነበረች፤ እጁን የሰጠው በኅዳር 1941 ነው። ማኪያቶ አዝዛችሁ በረንዳ ላይ ተቀመጡና መንገዱን ተመልከቱ።

ምሳ ላይ ጾም ከሆነ የጣና ዓሣ ጠይቁ፤ በዐቢይ ጾም ግን ዓሣ የማይበላ ብዙ ስለሆነ ሽሮና ሰላጣው ይበቃችኋል። ማታ አዝማሪ ቤት ሂዱ። ጎንደር የማሲንቆና የእስክስታ አገር ናት። አዝማሪው ስማችሁን ጠይቆ ይገጥምባችኋል። ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ይኑር። ሲያነሳችሁ ግንባሩ ላይ ለጠፍ ማድረግ ነው እንጂ መሸማቀቅ የለም።

7. ሁለተኛው ቀን ጠዋት፦ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ጎንደር «የአርባ አራቱ ታቦት አገር» ትባላለች። ሁሉንም ማየት አይቻልም። አንዷን ብቻ የምታዩ ከሆነ ግን ይህቺን እዩ። ከመሐል ከተማ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ናት፤ ባጃጅ ያደርሳችኋል፣ በእግርም ይሆናል። ጠዋት ሂዱ፤ በምሳ ሰዓት ልትዘጋ ትችላለች። ቅዳሴ ካለ እስኪያልቅ ጠብቁ። ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ የወንዶችንና የሴቶችን በር ጠይቁ። ፎቶ ከተፈቀደም ያለ ፍላሽ ነው። ብርሃኑ ቀለሙን ይበላዋል።

መጀመሪያ ያሠሯት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ ዘመኑ 1690ዎቹ ነው። ያኔ ክብ ነበረች ይላሉ። የዛሬዋ አራት ማዕዘን ናት፤ ከኋላ የተሠራች። የድንጋይ አጥሩ ላይ 12 ክብ ማማዎች አሉ፣ የሐዋርያት ምሳሌ። የመግቢያው በር ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ምሳሌ ሆኖ አሥራ ሦስተኛ ነው፣ የክርስቶስ።

ከገባችሁ በኋላ ወዲያው ስልክ አታውጡ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ከዚያ ቀና በሉ። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው፣ ከመቶ በላይ። ክንፍና ፊት ብቻ። ሁለት ፊት አንድ ዓይነት ይመስላችኋል፤ ቀስ ብላችሁ ስትመለከቱ አንዱ ቅንድቡን ከፍ አድርጓል፣ አንዱ ወደ ጎን ያያል። ከየትኛው ጥግ ብትቆሙ የሚያይዋችሁ አሉ። ከመቅደሱ በላይ ሥላሴ፣ ከሥራቸው ስቅለቱ። ግድግዳው ላይ ቅዱሳኑ፣ ሰማዕታቱ፣ ነገሥታቱ። ሥዕሉ የተሣለው ሸማ ላይ ነው፤ ሸማው ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ጠርዙ ይታያል።

ይህቺ ቤተ ክርስቲያን መትረፏ ራሱ ታሪክ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አዘረፉ፣ አቃጠሉ። በ1888 ደግሞ የሱዳኑ ድርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዳቸው። ሥላሴ ዘንድ ሲደርስ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረረው ይላል ጎንደሬው። አባቶችን ጠይቋቸው፤ ንቡ የወጣበትን አቅጣጫ እየጠቆሙ ነው የሚነግሯችሁ።

ጊዜ ካላችሁ ስትመለሱ በአታ ቤተ ክርስቲያንን ጠይቁ። የአቋቋም ትምህርት ማስመስከሪያ ነው። በዓል ከሆነ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ሲያሸበሽቡ ትደርሳላችሁ።

8. ሁለተኛው ቀን ከሰዓት፦ የፋሲል መዋኛ

ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚገባው ለጥምቀት ነው። «ውሃ ከሌለው ምን አየዋለሁ?» የሚል ሰው አለ። እኔ ደረቁን እወደዋለሁ። ጸጥታው ልዩ ነው። መሐል ላይ ባለ ፎቁ ቤት ቆሟል። ዙሪያውን የድንጋይ አጥር፣ አጥሩ ላይ ደግሞ የዋርካ ሥር። ሥሩ ግንቡን እንደ እጅ ጣት ጨብጦታል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ዛፉ ግንቡን ይዞት ይሁን ግንቡ ዛፉን፣ መለየት ያቅታል። ሕፃናት ይወጡበታል፤ የእናንተ እንዳይወጡ ያዟቸው።

ከአጥሩ ውጭ አንዲት ጉልላት ያላት ትንሽ ቤት አለች። ዞብል የተባለ ፈረስ መቃብር ናት ይሏታል።

ለጥምቀት ከመጣችሁ እንዲህ አድርጉ። ነጭ ልበሱ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው እዚህ ስትደርሱ ነው የሚገባችሁ። ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ሲወርዱ መንገድ ዳር ቦታ ያዙ፤ ፒያሳ ላይ ሆናችሁ ብታዩ ይሻላል። ሌሊቱን እዚያው የሚያድር አለ። የማታድሩ ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሱ። ጸሎቱ ሌሊት ተጀምሮ ሲነጋ ውሃው ይባረካል፤ ከዚያ ጎረምሶቹ ይዘላሉ። ልብሳችሁ መርጠቡ አይቀርም። ስልካችሁን ላስቲክ ውስጥ አድርጉ። ቦርሳ ባትይዙ ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እለምናችኋለሁ። በእኛው አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ላይ ለተመልካች የቆመ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ የሰው ሕይወት አልፏል። ሰው የሞላው እንጨት ላይ አትውጡ። ቦታ ቢጠፋ መሬት ላይ ቁሙ፣ ከኋላ ቁሙ። ድምፁ ይደርሳችኋል።

9. ሦስተኛው ቀን ጠዋት፦ ገበያውና ወለቃ

ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ ገበያን እለፉበት። ጋቢ፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ የሸክላ ድስት። በዚያው አዲስ ዓለምን እዩ። የጎንደር ሙስሊሞች የቆየ ሰፈር ነው። አፄ ዮሐንስ በ1668 ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ አዝዘው ነበር፤ ያኔ የተለየው ሰፈር ነው የዛሬው አዲስ ዓለም። ነጋዴዎቹና ሸማኔዎቹ ባይኖሩ ያ ሁሉ ግብር አይበላም ነበር።

ከዚያ ወደ ወለቃ ሂዱ። በደባርቅ መንገድ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ነው። የቤተ እስራኤላውያን መንደር ነበረች። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጉዘዋል። የቀሩት ምኩራብ የነበረች ቤት፣ መቃብሮችና የሸክላ ሥራው ናቸው። የዛሬዎቹ ሸክላ ሠሪዎች ትንንሽ ጥቁር ምስሎች፣ ጀበናና ሰሃን ይሸጣሉ። ግዙ። ስትከራከሩም በልኩ ይሁን፤ ጭቃው ተቆፍሮ፣ ተቦክቶ፣ ተጠብሶ ነው እጃችሁ የገባው። ስትናገሩ ደግሞ «ቤተ እስራኤል» በሉ። «ፈላሻ» የሚለው የድሮው ስም እንደ ስድብ ነው የሚሰማቸው።

ያን የፋሲልን ግድግዳ የነካችሁበት መዳፍ ትዝ ይበላችሁ። የዚያ ግንበኛ ልጆች እዚህ ነበሩ።

10. ከሰዓት፦ ቁስቋም

መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። ምንትዋብ መጨረሻ ናት።

ባጃጁን እስከ ላይ ተኮናትሩ፤ ወደ ታች በእግር ትመለሳላችሁ። በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። ምንትዋብ ዘውድ ጭና ከልጇ ጋር አገር አስተዳደረች። «ብርሃን ሞገሳ» ተባለች። እዚህ ጉብታ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን፣ አጠገቡም ቤተ መንግሥቷን አሠራች። በዘመኗ ሥዕሉም፣ ቅኔውም፣ ልብሱም ሌላ መልክ ያዘ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያረፈው እዚህ፣ እሷ ዘንድ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ፍርስራሽ ነው። ግን ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን መስቀሎችና አበቦች ፈልጉ። ደንጊያው እንደ ፋሲል ግንብ ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ቀላ ያለው ደንጊያ እንደ ጥልፍ ገብቶበታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲያርፍበት ይሞቃል፣ ቀለሙ ይወጣል። 10 ሰዓት ገደማ ብትደርሱ ያንን ታገኙታላችሁ።

ከዚያ ጠባቂውን ጠይቁ። አንዲት ዝቅ ያለች ክፍል ይከፍትላችኋል። ኮፍያ አውልቁ። ውስጧ መስተዋት ያለው ሣጥን አለ። አጥንት ነው። የምንትዋብ፣ የልጇ የኢያሱና የልጅ ልጇ የኢዮአስ። ልጇ በ1755 ሞተ። የልጅ ልጇ ኢዮአስ በ1769 በትግራዩ ገዥ በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገደለ። ሁለቱንም ቀብራ እስከ 1773 ኖረች። ከኢዮአስ በኋላ ንጉሥ ስም ብቻ ሆነ፤ ዘመነ መሳፍንት ገባ።

ለጠባቂው የሚገባውን ስጡት። ሲመሽ ቁልቁለቱ አያስተማምንምና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ውረዱ። ወደ ከተማው ብትመለከቱ ከዛፎቹ በላይ የፋሲል ግንብ ጉልላቶች ይታያሉ።